የጢስ ዓባይን ፎቶ ስታወጡ ወሩንም ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ ዓመት እትማችሁ የጀርባ ገጽ ላይ ገጹን የሞላ የጢስ ዓባይ ፎቶ አውጥታችኋል። ፎቶው ያምራል፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ውሃው ገደሉን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይወርዳል፣ ጢሱ ይነሳል፣ ፊት ለፊት አደይ አበባ አለ። ከሥሩ የተጻፈው ግን «ውቡ ዓባያችን» ብቻ ነው። ማን አነሳው? በየትኛው ዓመት? በየትኛው ወር? ምንም የለም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይሄ ያልተጻፈው ነገር ነው።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ፎቶ ማንሳት እንጀራዬ ነው፤ ሰርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና አነሳለሁ። ጊዜ ሳገኝ ደግሞ ካሜራዬን ይዤ ወደ ጮቄ፣ ወደ አዊ፣ ወደ ጣና ዳር እሄዳለሁ። ስለዚህ የምናገረው ስለ ራሴ ሙያ ነው።

ወሩ ለምን ይጻፍ ትሉኝ ይሆናል። ጢስ ዓባይ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ፏፏቴ ስላልሆነ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል፣ ከፍታው 40 ሜትር ገደማ ነው። በጋ ላይ የሄደ ሰው ግን ጥቁር ድንጋይ ላይ የሚንጠባጠብ ቀጭን ውሃ ሊያገኝ ይችላል። ይሄ የዝናብ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንም አልልም ነበር። የሰው እጅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ትንሽ ነበር፣ 11 ሜጋ ዋት ገደማ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ቦታ ላይ የጨራጨራ ግድብ ተሠራ፤ ከዚያ ወዲህ ከሐይቁ ምን ያህል ውሃ እንደሚለቀቅ የሚወስነው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛው ማመንጫ ተጨመረ፣ 73 ሜጋ ዋት። ውሃው ፏፏቴው ጋ ሳይደርስ በቦይ ይጠለፋል፣ ተርባይን አዙሮ ከፏፏቴው በታች ወንዙን ይቀላቀላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ መጣ፣ 460 ሜጋ ዋት፣ እሱም ውሃውን ከራሱ ከሐይቁ ወስዶ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን የመሬት ውስጥ ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይለቀዋል። ያ ውሃ ጢስ ዓባይ ጋ ድርሽ አይልም።

መብራት አልቃወምም። ይሄን ደብዳቤ የምጽፈውም መብራት ስላለ ነው። የምለው ሌላ ነው። ያንን ፎቶ ያየ ሰው ስለዚህ ሁሉ ነገር አንዲት ፍንጭ አያገኝም። ወሩና ዓመቱ ቢጻፍ ኖሮ ቢያንስ «በጋ ላይስ ምን ይመስላል?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ይገኝ ነበር።

በ1969 ዓ.ም. የወጣውን የአንድ ብር ኖት አስታውሱ። ከጀርባው ጢስ ዓባይ ነበረበት። ብዙዎቻችን ፏፏቴውን መጀመሪያ ያየነው ብሩ ላይ ነው፣ ያኔ ጎጃምን ረግጦ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ እንኳ ጢስ ዓባይን በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። አንድ ፎቶ ወይም ሥዕል እንደዚያ በሰው ጭንቅላት ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ ቦታው ቢቀየርም ምስሉ አይቀየርም። ሰዉ ውሃው አሁንም እንደዚያ እየወረደ ያለ ይመስለዋል። ከዚያ በጋ ላይ ይሄድና ተታለልኩ ብሎ አስጎብኚውን ይቆጣል። ምስኪን የጢስ ዓባይ አስጎብኚዎች በዚህ የተነሳ ስንት ነገር ይሰማሉ!

አሁን ወደ ራሳችን ወደ ፎቶ አንሺዎቹ ልምጣ። እኛ ምን እንደምናደርግ አንባቢው ቢያውቅ ጥሩ ነው። መስከረምና ጥቅምትን እንመርጣለን፣ ምክንያቱም አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። የመብራት ገመዱ እንዳይገባብን ሁለት እርምጃ ወደ ጎን እንላለን። ቆርቆሮ ቤቱን እንቆርጠዋለን። ፌስታሉን በእግራችን ገፋ እናደርገዋለን፣ የሃይላንድ ፕላስቲኩን ደግሞ ቤት ገብተን በኮምፒዩተር እናጠፋዋለን። አረንጓዴውን ትንሽ እንጨምርለታለን። ከዚያ «ተፈጥሮ» ብለን እንለጥፋለን። ሺህ ሰው ላይክ ያደርገዋል። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ምንም አይደለም፣ ሁሉም ሰው ያደርገዋል። ሲደመር ግን ሰው ያልነካው ጎጃም የሚባል፣ በእውን የሌለ አገር ሠርተን ለሕዝብ እያሳየን ነው።

ጮቄን ልውሰድ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚያልፍ ተራራ ነው። ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋ፣ ተምጫና ሌሎችም ብዙ ወንዞች ከእሱ ይነሳሉ፣ ሁሉም መጨረሻቸው ዓባይ ነው። ሁላችንም የምናነሳው ፎቶ አንድ ነው፤ ጭጋግ ውስጥ የቆመች ጅብራ። እኔም አነሳዋለሁ፣ ደግሜም አነሳዋለሁ፣ ጅብራ ታምራለች። ግን ጅብራዋን ያነሳ ሰው እዚያው ቆሞ ዞር ቢል ሌላ ነገር ያያል። ገብስ፣ ድንችና እንግዶ (አጃ የሚመስል እህል) የተዘራበት ማሳ ወደ ላይ እየወጣ ይሄዳል፣ ሽቅብ የታረሰ ቁልቁለት አለ፣ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ለማገዶ ተመልምሎ ጉቶ ብቻ የቀረበት ቦታ አለ። የበታቹ መሬት ስለጠበበ ገበሬው ወጣ። ልጅ ተወለደ፣ ማሳ ተከፈለ፣ ለልጅ ልጅ የሚካፈል አልተረፈም። ይሄን የሚያደርገው ክፉ ሰው አይደለም፣ የሚበላ የሚፈልግ ሰው ነው፤ ካሜራችን ሲሸሸው ግን ችግሩም አብሮ ከፍሬም ይወጣል።

አንድ ጊዜ እዚያው ጅብራ ሳነሳ አንድ አባት በሬዎቻቸውን ፈትተው ሲመለሱ አገኙኝ።

«ምን ታነሺያለሽ ልጄ?»

«ጅብራውን ነው አባባ።»

«እሱንማ ሁሉም ያነሳዋል። ነይ ቦረቦሩን አንሺልኝ።»

ማሳቸው ዳር ወሰዱኝ። መሬቱ ለሁለት ተሰንጥቋል፣ አፈሩ ቀይ ነው፣ ከግርጌው የባሕር ዛፍ ሥር አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ልጅ እያሉ ዘለው የሚሻገሩት ፈፋ ነበር፤ አሁን በሬ ከገባበት አይወጣም አሉኝ። አነሳሁላቸው። «አሳጥበሽ አምጪልኝ፤ ዘንድሮ እዚህ ድረስ ነበር ብዬ ለልጆቼ የማሳየው ነገር ይኑረኝ» አሉ። ካሜራ ነክተው የማያውቁ ሰው ናቸው። የፎቶን ጥቅም ግን ከብዙዎቻችን በተሻለ ያውቁታል። ቀንና ቦታ ያለው ምስል ማስረጃ ነው፣ ልጅ ይለካበታል።

የቦረቦሩ አፈር የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ዓባይ በክረምት ቡናማ የሚሆነው በዚህ ነው። በየዓመቱ ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ይዞ ይወርዳል። የክረምቱን ዓባይ ከበረሃው ድልድይ ላይ ቆመው የሚያነሱ ልጆች አሉ፣ «ግርማ ሞገስ» ብለው ይለጥፉታል። ግርማ ሞገሱ አለ። ግን የምታዩት ቀለም የእነማይ፣ የደባይ ጥላትግን፣ የስናን ወረዳዎች ማሳ ነው። ከፎቶው ሥር እሱን ብትጽፉበት ምን አለበት?

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ልናገር። ፎቶ ለአካባቢ ጥበቃ ምን ይሠራል ለሚል ሰው ከደምበጫ የተሻለ መልስ የለኝም። እ.ኤ.አ. በ1957 አካባቢው ከአውሮፕላን ላይ ፎቶ ተነስቶ ነበር። በ1982 እንደገና ተነሳ። ጌቴ ዘለቀና ሃንስ ሁርኒ የተባሉ ተመራማሪዎች የደምበጫን አካባቢ የአየር ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ከ1995 ሁኔታ ጋር አያይዘው፣ በ2001 ውጤቱን አሳተሙ። በ1957 የተፈጥሮ ደኑ ከአካባቢው 27 በመቶ ነበር። በ1982 ወደ 2 በመቶ ወረደ። በ1995 የቀረው 0.3 በመቶ ብቻ ነበር። የሚታረሰው መሬት ደግሞ በዚሁ ጊዜ ከ39 በመቶ ወደ 77 በመቶ አደገ። ይሄ ወሬ አይደለም፣ ተለክቶ የተገኘ ነው። የተለካውም አንድ ሰው በ1957 ካሜራውን ወደ ታች አዙሮ ስላነሳና ፎቶው ላይ ዓመቱ ስለተጻፈ ነው። ያ ሰው ቆንጆውን ቦታ ብቻ መርጦ ቢያነሳ ኖሮ ዛሬ ምንም አናውቅም ነበር።

በተቃራኒው ደግሞ «ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶ በደን ተሸፍና ነበር» የሚለውን አባባል ተመልከቱ። ጋዜጣችሁም ደጋግሞ ጽፎታል። በየስብሰባው ይነገራል፣ በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። ጄምስ ማካንን የመሳሰሉ የታሪክ ተመራማሪዎች መነሻውን ፈልገው ከጀርባው የተሠራ ልኬት አላገኙም። ፎቶም የለውም። ቁጥሩ ግን ከመደጋገሙ ብዛት እውነት ሆኖ ተቀመጠ፣ ከዚያም አልፎ ገበሬውን «ደን ጨራሽ» ብሎ ለመውቀስ ዱላ ሆነ።

የትግራዩ ሥራ ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር በጀነራል ናፒየር መሪነት ወደ መቅደላ ሲሄድ ፎቶ አንሺዎች ይዞ ነበር። ያን ኒሰን የሚባል የቤልጂግ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከ140 ዓመት በኋላ እነዚያን ፎቶዎች ይዘው እዚያው ድንጋይ ላይ ቆመው ደግመው አነሱ። ብዙ ቦታ ላይ ዛፉ ከ1868 ይልቅ ዛሬ በዝቶ ተገኘ። እርከን ተሠርቷል፣ ተራራ ከከብት ተከልሏል፣ ባሕር ዛፍ ተተክሏል። ድሮ ሁሉ ለምለም ነበር የሚለውን ፎቶው ራሱ ሞገተው። እንግዲህ ፎቶ የሚያሳየው ጥፋትን ብቻ አይደለም። ሰው መሬቱን እንደሚጎዳው ሁሉ መሬቱን ሲያድነውም ያሳያል፣ እኔ በበኩሌ ተስፋ የማገኘው ከዚህ ነው።

ወደ ጎጃም ልመለስና አዊ እንሂድ። ፋግታ ለኮማን ከላይ ያየ ሰው እሰይ ይላል። ኮረብታው ሁሉ ጥቅጥቅ ብሎ አረንጓዴ ነው። በሳተላይት ምስልም የዛፍ ሽፋኑ እንደጨመረ ይታያል። ግን ያ ዛፍ ደከረንስ ነው፣ መነሻው አውስትራሊያ የሆነ የግራር ዝርያ። ገበሬው ከጤፍ ጋር አብሮ ይተክለዋል፣ አራት አምስት ዓመት ይጠብቃል፣ ይቆርጠዋል፣ እዚያው ከሰል አድርጎ በጆንያ ወደ አዲስ አበባ ይልከዋል፣ ከዚያ መልሶ ይተክላል። አሲዳማ ሆኖ እህል አልሰጥ ያለ መሬት በዚህ መንገድ ገንዘብ ሰጥቷል። ብዙ ገበሬ በከሰል ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል፣ ልጅ አስተምሯል። እኔ ይሄን አከብራለሁ። ደን ብሎ መጥራት ግን ልክ አይደለም፤ በየአራት ዓመቱ የሚታጨድ ሰብል ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በሽታ ገብቶበት ቅጠሉ ሲደርቅ አይተናል፣ አገሩ በሙሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ሲሆን የሚመጣ አደጋ ነው። ታዲያ ካሜራ ይሄን ሁሉ መለየት አይችልም። ለካሜራ አረንጓዴ አረንጓዴ ነው። የሚለየው ከሥሩ የሚጻፈው ነገር ነው። ስለዚህ «የአዊ ደን» ተብሎ ፎቶ ሲመጣላችሁ ላኪውን «የምን ዛፍ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።

ከእንጅባራ አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅም እንዲሁ ነው። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ሐይቅ፣ ጥልቀቱ ከ160 ሜትር በላይ። ፎቶው ላይ ውሃው እንደ መስታወት ነው፣ ዙሪያው ዛፍ። ከዛፉ ሥር ሽርሽር የወጣ ሰው የጣለው ምን እንዳለ የሚያነሳ ግን የለም። ይሄን ሳልፍ ብቻ ነው የነካሁት።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ደኖች ግን ረዘም አድርጌ ልጻፍ። በጎጃምም በደቡብ ጎንደርም ከላይ ሲታይ መሬቱ ቡናማ ሆኖ እዚህም እዚያም ክብ አረንጓዴ ነጥብ ይታያል፣ መሐሉ ላይ የቤተ ክርስቲያን ጣራ። ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ጥቁር እንጨቱ ከሌላው ቦታ ጠፍቶ እዚያ ብቻ ተርፏል። ይሄን ያዳነው የአባቶቻችን ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ዕድሜያቸውን በዚህ ላይ አሳልፈዋል፤ ከአየር የሚታየው የእነዚህ ደኖች ምስልም ዓለምን ዞሯል። የሚደንቅ ምስል ነው። እኔ ግን ለሙያ ጓደኞቼ አንድ ነገር እላለሁ፣ ወደ ላይና ከላይ ብቻ አታንሱ፣ ጎንበስ በሉና ወለሉን አንሱ። ትልልቆቹ ዛፎች ሥር ችግኝ አለ ወይ? ብዙ ቦታ የለም። ከብት ይገባል፣ የበቀለውን ይግጠዋል፣ ይረግጠዋል። ዛፉ ሽማግሌ ብቻ ሆኖ ቀርቷል፣ ተተኪ የለውም። የሳተላይት ምስሉ ላይ ደኑ ያው ነው፣ ምንም አልጎደለም፤ ወለሉ ላይ ያለው ፎቶ ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚሆነውን ዛሬ ይነግራችኋል። ለዚህ ነው እነ ዶክተር ዓለማየሁ ከካህናቱና ከሕዝቡ ጋር ሆነው በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ አጥር ማሠራት የጀመሩት። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ይለቀማል፣ ማሳው ይጸዳል፣ ከብቱ ይቀራል፣ ችግኙ ይበቅላል። የአጥር ፎቶ ላይክ አያመጣም፣ አውቃለሁ። ግን አጥሩን ከመሠራቱ በፊትና ከተሠራ በኋላ ወለሉን ያነሳ ሰው ትልቅ ሥራ ሠራ ማለት ነው።

ጣና ዳር ያለችው ዘጌም አለች። ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ በመጣ ልማድ እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ፣ ከብት ማርባት የተከለከለ ነበር፣ ሰዉ በቡናና በጌሾ ኖረ። ደኑም ከሰው ጋር ኖረ። የዘጌን ደን «ድንግል ተፈጥሮ» ብሎ ማውጣት ለእነዚያ ሁሉ ሰዎች ምስጋና መንፈግ ነው። ቡና ለቃሚዋ እናት ፎቶው ውስጥ ትግባ፣ ፈቃዷ ተጠይቆ።

ጣና ላይ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። እምቦጭ ያምራል! ወይንጠጅ አበባው በማለዳ ብርሃን ሲታይ ማንም ካሜራ የያዘ ሰው አያልፈውም። መነሻው የደቡብ አሜሪካ አማዞን ሲሆን ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከየማሳው በጎርፍ የሚመጣ ማዳበሪያና ከከተማ የሚፈስ ቆሻሻ ይመቸዋል። አበባውን ብቻ አቅርበን ስናነሳ ሰው ውብ ነው ይላል። ትንሽ ራቅ ብለን ስናነሳ መቅዘፊያው ምንጣፉ ውስጥ ተይዞ ታንኳው አልንቀሳቀስ ያለው ዓሣ አጥማጅ ይታያል። ፎቶው ሲሰራጭ ምን እንደሚያደርግም አይተናል። ገበሬው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል የሚያሳዩት ፎቶዎች አገር ምድሩን አዳረሱ፤ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከኦሮሚያ ወጣቶች «ጣና ኬኛ» (ጣና የእኛ ነው) ብለው መጥተው አብረው ነቀሉ። ያንን የመሰለ ነገር የአበባው ፎቶ አያመጣም።

ስለ ሥነ ምግባራችንም ጥቂት ልበል። ወፍ ሲበር ለማንሳት ብሎ ሕፃናትን ድንጋይ ማስወርወር አይቻለሁ። ያቺ ወፍ ጎጆዋን ትታ ስትነሳ እንቁላሉን ቁራ ይወስደዋል። ጉማሬ ቀና እንዲል ጀልባ ወደ እሱ ማስጠጋትም አለ፣ ለራስም አደጋ ነው። ለሰርግ ፎቶ ብሎ አደይ አበባውን በክንድ ሙሉ መንቀል፣ ደንገሉን መጨፍለቅ፣ ያመጡትን ሃይላንድ ጥሎ መሄድ። ድሮን የምታበሩ ወንድሞቼም አንድ ነገር አስቡልኝ። በዚህ ጊዜ የእኛ ገበሬ ሰማይ ላይ የሚያንጎራጉር ነገር ሲሰማ የሚያስበው ስለ ተፈጥሮ ፎቶ አይደለም። ሳታስፈቅዱ፣ ሳታሳውቁ አታብሩ። ግሽ ዓባይ ስትሄዱ ደግሞ ምንጩ ጸበል ነው፣ ሰዉ በጾም የሚሄድበት ቦታ ነው፣ ትራይፖድ ከመትከላችሁ በፊት አባቶችን ጠይቁ።

እንግዲህ ከእናንተ ምን እንደምፈልግ ልናገር። የተፈጥሮ ፎቶ ስታወጡ ቦታውን፣ ወሩንና ዓመቱን ከሥሩ አትሙ። አነሺውን «ይሄ የሚታየው ምንድን ነው፣ ከፍሬሙ ውጭ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት፣ መልሱንም በአንድ መስመር ጻፉት። ቀለም የተጨመረበትን ወይም ነገር የጠፋበትን ፎቶ አታውጡ፣ ካወጣችሁም ተናገሩ። ከመስከረም ፎቶ ጎን የሚያዝያ ፎቶ አውጡ። ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሁለተኛው ልመናዬ ትንሽ ሥራ አለው። አንድ ቋሚ ቦታ ለአሮጌ ፎቶዎች ስጡ። በየቤቱ አልበም አለ። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የተነሳ የቤተሰብ ፎቶ ከጀርባው ኮረብታ አለው፣ ወንዝ አለው፣ ዛፍ አለው፤ ሰዎቹ ለራሳቸው ሲሉ ተነሱት እንጂ ኮረብታውም አብሮ ተነስቷል። በየከተማው የድሮ ፎቶ ቤቶች ኔጋቲቭ በካርቶን ታጭቆ ሻጋታ እየበላው ነው፣ ባለቤቶቹ ሲያርፉ ልጆች አውጥተው ይጥሉታል። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የጣናን ዙሪያና የዓባይን ሸለቆ ዞሮ ካርታ ሲሠራ ፎቶም አንስቷል። እነዚያን ይዞ እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ የሚቆም የጎጃም ወጣት ለምን አይኖርም? የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርዕስ ሲጠፋባቸው አያለሁ። ይኸውላችሁ።

ሥራው ከባድ አይደለም፣ በስልክም ይሠራል። አሮጌውን ፎቶ ይዛችሁ ወደ ቦታው ሂዱ። የተራራው ጫፍ መስመር አይቀየርም፣ መጀመሪያ እሱን አግኙ። ከዚያ በቅርብ ያለ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ድንጋይ ወይም ድልድይ ወይም የደጀ ሰላም በር፣ ከኋላው ካለው ኮረብታ ጋር እንዴት እንደተሰለፈ ተመልከቱ። ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያላችሁ እስኪገጥም ድረስ ተንቀሳቀሱ። ሲገጥም የቆማችሁበት ያ ሰው የቆመበት ነው። አሮጌው በየትኛው ወር እንደተነሳ ከእህሉ ወይም ከአበባው ገምታችሁ በዚያው ወር አንሱ፣ ምክንያቱም የጥር ፎቶን ከነሐሴ ጋር ማወዳደር ሰውን ማሳሳት ነው። በቦታው ያሉ አባትና እናት አግኙና ምን እንደተቀየረ ጠይቁ፣ የነገሩዋችሁን ጻፉ። አሮጌ ፎቶ የሌለው ደግሞ ዛሬ ይጀምር። የሰፈሩን ወንዝ በየዓመቱ በዚያው ወር፣ ከዚያው ድልድይ ላይ ያንሳ። ሳይቆርጥ፣ ቀለም ሳይጨምር ያስቀምጥ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያነሳኋቸውን ጥቂት ፎቶዎች በኢሜይል ልኬላችኋለሁ። የጨሞጋ ወንዝ በመስከረምና በሚያዝያ ከአንድ ቦታ የተነሳ ነው። የጮቄው ቦረቦር አለ፣ ባለ ማሳው ፈቅደውልኛል። የፋግታ ለኮማው ኮረብታም አለ። ሁሉም ላይ ወርና ዓመት ጽፌያለሁ። ክፍያ አልፈልግም። ካወጣችኋቸው ግን ለገጹ ብላችሁ እንዳትቆርጧቸው፤ በፋግታው ፎቶ በግራ ጥግ የሚታየው የከሰል ጆንያ ሆን ብዬ ያስገባሁት ነው፣ ይታተምልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ
ደብረ ማርቆስ